የሐሙስ ቡድን ኮንትራት

ሮም ውስጥ ስትኖሩ ቀስ በቀስ የሚገባችሁ ነገር አለ። እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የአንድ ነገር ፕሬዚዳንት ነው። ሦስት ጣሊያኖች ተገናኝተው ትንሽ ረዘም አድርገው ከተቀመጡ ሲነሱ ማኅበር ሆነው ነው የሚነሱት፤ አንዱ ፕሬዚዳንት፣ አንዱ ምክትል፣ ሦስተኛው ያኮረፈ አባል። የዓሣ አጥማጆች ፕሬዚዳንት አለ፣ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ወዳጆች ፕሬዚዳንት አለ። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ የርግብ አርቢዎች ፕሬዚዳንት መሆኑን የነገረኝ ፀጉሬን እየቆረጠ ሳለ ነው፤ መቀሱ ጆሮዬ አጠገብ ስለነበር እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። እኛም ብንሆን ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለንም። እድር ካለን ሊቀ መንበር አለን፣ ሊቀ መንበር ካለን ደግሞ እሱን ለማውረድ የሚሰበሰብ ኮሚቴ አለን።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ሸሽቼ የኖርኩ ሰው ነበርኩ። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ በርበሬ፣ ሽሮና የፀጉር ቅባት የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ገዥ ይመጣል፣ ይገዛል፣ ወሬውን ጥሎልኝ ይሄዳል፤ ሹመት አምሮኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ታደሰ ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ የቤዝቦል ቡድን ፕሬዚዳንት ነው ይሏችኋል። አዎ፣ ቤዝቦል። ተሳስታችሁ አላነበባችሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐሙስ ነው። ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ እህቶቻችን ዕረፍታቸው እሁድና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እሁድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስ ግን የራሳቸው ነው፤ ከያሉበት ወደ ተርሚኒ ይመጣሉ፣ ዘመድ ቤት ወይም ጎረቤት ዘንድ የሚያድሩትን ልጆቻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ለአገር ቤት ይደውላሉ። ልጆቹ ታዲያ ምን ያድርጉ? ባዶ ጣሳ እየጠለዙ የመንገደኛ እግር ይመታሉ፣ መንገደኛው ይቆጣል፣ እናቶቹ ይቅርታ ይጠይቃሉ። የሐሙስ ደስታችን በይቅርታ ነበር የሚያልቀው።

አንድ ሐሙስ ጋሽ ሀብቴ አሮጌ የቆዳ ጓንትና ነጭ ኳስ ይዘው መጡ። ጋሽ ሀብቴ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ ሮም ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቤታቸው አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር አጠገብ ስለነበር፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እግር ኳስ ሲያሳድድ እሳቸው ቤዝቦል ለመዱ። ያን ለምደው ምን እንዳደረጉበት ብትጠይቁኝ፣ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ምንም።

“ለምን እግር ኳስ አያደርጉትም?” አልኳቸው።

“ታዴ፣ እግር ኳስ እዚህ አገር ወረፋው ረዥም ነው። ቤዝቦል ግን ጣሊያኖቹም ገና በደንብ አልገባቸውም። እኩል እንጀምራለን።”

በቲቡርቲና በኩል አንድ ደግ ቄስ የደብራቸውን ሜዳ አዋሱን። በማኅበርነት ለመመዝገብ አድራሻና ቲምብሮ ያለው ሰው ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ጣሊያን አገር ማኅተም የሌለው ሰው አየር ላይ ያለ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ የሱቄ ማኅተም ነበረኝ። በዚህ ብቃት ተመረጥኩ። የቡድኑንም ስም ሐሙስ አልነው።

ጨዋታውን ላስረዳችሁ ብሞክር እዋሻችኋለሁ። ባጭሩ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ሊመታ ይሞክራል፣ የቀሩት ሜዳው ላይ ተበታትነው ስለ ሕይወታቸው ያስባሉ። ኳሷ ከተመታች ሁሉም ይሮጣል፤ ወዲያው ደግሞ ቆሞ ወደ ሐሳቡ ይመለሳል። እናቶቹ መጀመሪያ ላይ የገና ጨዋታ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ግን ከእኔ በልጠው ገባቸው። አሁን አንዷ ዳኛውን ስትሞግት ብትሰሟት ሕጉን ያረቀቀችው እሷ ትመስላችኋለች።

ሌሎች ቡድኖች ተጫዋች ከኩባም ከቬኔዙዌላም ያስመጣሉ። ጋሽ ሀብቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማይነቃነቅ ሕግ ነበራቸው። ሌላ ያሳደገውን አንወስድም፣ ማሊያችንን የሚለብሰው እዚሁ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ነው።

“ከውጭ ሰው አናመጣም” ይላሉ።

“ጋሽ ሀብቴ፣ ውጭ የሚባሉት እኮ እኛው ነን” እላቸዋለሁ።

“እሱ የነሱ ሒሳብ ነው” ይሉኛል።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። መጀመሪያ በሁሉም ተሸነፍን፣ ቀጥሎ በአብዛኛው ተሸነፍን፣ ከዚያ አልፎ አልፎ የምናሸንፍ ሆንን። የምናሸንፈው ናሆም በወረወረ ቀን ነው። ናሆም የእልፍነሽ ልጅ ነው። እልፍነሽ ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንዲት አሮጊት ሲኞራ ዘንድ ትሠራለች፤ ቁጥብ፣ ሳቋም ንግግሯም አጭር የሆነ ሴት ናት። ልጇ ደግሞ ከእሷም ይብሳል። ረዥምና ቀጭን ነው፣ ሲቆም ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ይመስላል። ሲወረውር ግን ሌላ ሰው ነው። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አታዩዋትም፤ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ጧ ስትል ነው መውጣቷን የምታውቁት።

ይህን ጧ የሚል ድምፅ የሰማነው እኛ ብቻ መስሎን ነበር። አንድ የጸደይ ሐሙስ ሸጋ ኮት የለበሰ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የትራፊክ ፖሊስ ፍጥነት የሚለካበትን የመሰለ መሣሪያ ወደ ሜዳው ሲያነጣጥር አየን። እናቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። እኔም ሳላስበው ኪሴ ውስጥ ያለውን የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ዳሰስኩ። ሰውየው ግን ፖሊስ አልነበረም። በባሕሩ በኩል ያለ የአንድ ትልቅ ክለብ ዳይሬክተር ነው፤ ስሙ ሲኞር ፋብሪዚዮ። መሣሪያው የሚለካው የናሆምን ኳስ ነበር።

“ፕሬዚዳንቱ ማን ናቸው?” ብሎ ጠየቀ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴን ነፍቼ እኔ ነኝ አልኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን። ሲኞር ፋብሪዚዮ፣ ጋሽ ሀብቴ፣ እልፍነሽ፣ ናሆምና እኔ። ወንበር ስላልበቃ ናሆም የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ኮንትራቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋና ማስረዳት ጀመረ። አነጋገሩ ያምራል፤ ሲናገር እጁ ራሱ አስተርጓሚ ነው። ክለቡ ትልቅ ነው፣ ሜዳው የሣር ነው፣ ልጁ እዚያው ያድራል፣ ይበላል፣ ሊቼዮውን፣ የቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን፣ ትቶ በማታ ትምህርት ይቀጥላል፣ አንድ ቀን በአንደኛው ዲቪዚዮን ይጫወታል። የሐሙስ ቡድንም ይታሰብበታል፤ አዳዲስ ጓንቶችና ዱላዎች ይላኩለታል። እኔ በሐሳቤ አዲሶቹን ጓንቶች ለልጆቹ እያደልኩ ነበር።

ነገር ግን ኮንትራት ስታነቡ ከላይ ያማረውን ታልፉና ከታች የደቀቀውን ነው የምትፈልጉት። የተጫዋች ምዝገባ እዚህ ካርቴሊኖ ይባላል። ካርቴሊኖው በማን እጅ ከሆነ ልጁም በዚያው እጅ ነው። ድሮ ሕጉ ራሱ ልጆችን ከክለብ ጋር ያስር ነበር፤ ያ ሕግ ሲሻር ማሰሪያው ወደ ኮንትራት ተዛወረ። የናሆምም እንዲሁ ነው። ለአምስት ዓመት የክለቡ ነው፤ እሱ ልሂድ ቢል አይችልም፣ ክለቡ ግን በፈለገ ቀን ሊያሰናብተው ይችላል።

ጋሽ ሀብቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። “ክንዱን ቢታመም ማን ያሳክመዋል?”

ሲኞር ፋብሪዚዮ ወረቀቱን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠ። “አሎራ፣ ያኔ እንደ ሁኔታው ይታያል” አለ።

“እዚህ ላይ ተጽፏል?”

“አልተጻፈም።”

ጋሽ ሀብቴ መነጽራቸውን አወረዱ። ዳይሬክተሩ ወደ እልፍነሽ ዞረ። ያኔ ነው እውነተኛው ዕቃ ከከረጢቱ የወጣው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብዬ የናሆምን ነገር ላስረዳችሁ። ናሆም የተወለደው ሮም ነው። የውጭ ሰው ልጅ ሆኖ እዚህ የተወለደ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከተወለደ ጀምሮ ሳያቋርጥ እዚሁ መኖሩን አሳይቶ ችታዲናንሳ፣ ማለትም ዜግነት፣ ይጠይቃል። ችግሩ ‘ሳያቋርጥ’ የምትለው ላይ ነው። እናትና ልጅ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ስደተኞች በያዙት ሕንጻ ውስጥ ዓመታት ኖረዋል፤ እዚያ ለኖረ ሰው ረዚደንሳ፣ ማለትም የነዋሪነት ምዝገባ፣ አይፈቀድም ነበር። ኋላም ፖሊስ ሁሉንም ከሕንጻው ሲያስወጣ፣ እልፍነሽ ልጇን በአንድ እጅ፣ ብርድ ልብሷን በሌላው እጅ ይዛ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስትዞር ከረመች። ስለዚህ በኮሙኔው፣ በከተማው አስተዳደር፣ መዝገብ ላይ ናሆም ለተወሰኑ ዓመታት የለም። ልጁ ግን ነበረ። ትምህርት ቤት ነበረ፣ ሐኪም ዘንድ ነበረ፣ ሜዳችን ላይ ነበረ። ያልነበረው መዝገቡ ነው።

ሲኞር ፋብሪዚዮ ይህን ሁሉ ከየት እንደሰማው አላውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሲኞራ፣ የልጁ ረዚደንሳ ላይ ክፍተት እንዳለ ሰምቻለሁ። የእኛ ጠበቃ እንዲህ ያለውን ነገር ይጨርሰዋል። ልጁ ከፈረመ” አላት።

እልፍነሽ ወደኔ ዞራ በአማርኛ፣ “ምን አለ?” አለችኝ።

ጣልያንኛ ከእኔ በተሻለ ትችላለች። ግን ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ቢሮ ውስጥ የከበደ ነገር ሲመጣ ድንገት ቋንቋው ይጠፋብናል፣ ተርጓሚው እስኪያስረዳ እናስባለን። እኔም ቃል በቃል፣ ረጋ ብዬ ተረጎምኩላት።

“ካልፈረመስ በልልኝ ጋሽ ታደሰ።”

አልኩት። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። “እንግዲህ ቢሮክራሲው ረዥም ነው” አለ።

እልፍነሽ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ተርጓሚዋን ተወችና ራሷ በጣልያንኛ ተናገረች። “ሲኞር ፋብሪዚዮ፣ የልጄን ዜግነት እርስዎ ሊሰጡኝ አይችሉም፤ እርስዎ ዘንድ የለም። እዚህ ነው የወለድኩት። ከዚያ ሕንጻ ስንወጣ ፖሊሶች ውኃ ረጩብን፣ ያኔም እጁን ይዤው እዚሁ ነበርን። ይህንን የማስረዳው ለኮሙኔው ነው። ኳስ መወርወር ሌላ ጉዳይ ነው።”

በር ላይ አንድ ደንበኛ ኮረሪማ ሊገዛ ቆሞ ነበር፤ እሱም ኮረሪማውን ረሳ።

ናሆም ከጆንያው ላይ ሳይነሳ ጠየቀ። “የናንተ ቡድን ውስጥ አንደኛ ቤዝ ላይ የሚቆመው፣ ከአሜሪካ የመጣው ብራያን የውጭ ተጫዋች ነው?”

“የለም፣ ጣሊያናዊ ነው። የአያቱ አባት ከአብሩዞ ነበሩ” አለ ዳይሬክተሩ።

“ጣልያንኛ ይችላል?”

“እየተማረ ነው።”

“እኔስ ወረቀቱ ላይ ምንድን ነኝ?”

“ለጊዜው የውጭ ዜጋ።” ይህን ያለው በሮማ ቅላፄ ነው፤ ልጁም የመለሰለት ከእሱ በባሰ የሮማ ቅላፄ ነው።

“ቫ ቤኔ” አለ ናሆም። ተነሳ፣ ኮንትራቱን በሁለት እጁ አስተካክሎ ወደ ሰውየው ገፋለት። “አመሰግናለሁ። አልፈርምም።”

እዚህ ላይ አጨበጨብን ብዬ ብጨርስ ደስ ይላችሁ ነበር። ግን አላጨበጨብንም። እምቢ ማለት ጣፋጭነቱ ለዚያች ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ደግሞ ትኖሩበታላችሁ። ሰውየው እኛን ትቶ ወደ ሌሎቹ ወላጆች ሄደ። ሁለት ልጆቻችን ፈረሙ፤ አንደኛው የናሆምን ኳስ የሚቀበለው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገው ልጅ ነበር። ወላጆቹን አልወቀስኩም፤ ወላጅ ለልጁ የተሻለ ያለውን ይመርጣል። እነሱ ግን እኔን ወቀሱኝ። “ፕሬዚዳንት ተብለህ ልጆቹን ጭቃ ሜዳ ላይ ልታስቀራቸው ነው?” ያለችኝ እናት አለች። ለጥቂት ሳምንታትም በርበሬ የምትገዛው ከሌላ ሱቅ ነበር። በዚህ ሰፈር ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

ያን ሰሞን ጋሽ ሀብቴ ሱቅ መጡና፣ “እኛስ ለምን ኮንትራት የለንም?” አሉኝ።

“ምን እንዲል?”

“የነሱ ልጁን ያስራል። የኛ እኛን ይሰር።”

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሀብቴ ቀልድ እንደማያውቁ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በሚቀጥለው ሐሙስ እናቶቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ፣ ናሆም ወደ ጣልያንኛ መለሰው። አንድ ገጽ ነው። ቡድኑ ልጁን ከትምህርቱ አያስቀረውም። ክንዱን ከታመመ ቡድኑ ያሳክመዋል፣ ባይጫወትም ቡድኑ ውስጥ ይቆያል። የተሻለ ቦታ ካገኘ ካርቴሊኖው በእጁ ይሰጠዋል፣ ማንም አያኮርፍም። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያስገባችው እልፍነሽ ናት፤ በጣልያንኛ እንዴት እንደምትጻፍ ብዙ ተከራከርን። ከልጁ የሚጠበቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቅሙ ሲደርስ ከእሱ የሚያንሱትን ያስተምራል። ከታች እኔ ፈረምኩ፣ የበርበሬ ሱቄን ማኅተም መታሁበት። አንድ የማውቀው ጠበቃ አይቶት፣ “ይህ ኮንትራት የሚያስረው አንተን ብቻ ነው” አለኝ። አዎ አልኩት።

በዚያው በጋ በአንድ ውድድር ከትልቁ ክለብ ጋር ተገናኘን። ተሸነፍን። ምን ላድርግ፣ ብናሸንፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የሆነው ይህ ነው። ቢሆንም ብራያን የተባለው ያ ግዙፍ አሜሪካዊ የናሆምን ኳስ ሊነካት አልቻለም፤ ዱላውን በወዘወዘ ቁጥር አየሩን ብቻ እየመታ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ ናሆም በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ሀብቴ ይህን አይተው፣ “ልጁ አስተዳደግ አለው” አሉ።

እልፍነሽ ደግሞ የራሷን ጨዋታ ትጫወት ነበር። ብዙውን ሐሙስ ልምምድ መምጣት ትታ የልጇን ዓመታት መልቀም ጀመረች። ከትምህርት ቤቱ፣ ከሕፃናት ሐኪሙ፣ ክትባት ከተከተበበት ማስረጃ ሰበሰበች። ሕጉ ራሱ የወላጅ መዝገብ ጉድለት ልጁን እንዳይጎዳው፣ በሌላ ማስረጃ እንዲሟላ ይፈቅዳል፤ ይህን የነገራት አንድም ሰው ግን አልነበረም፣ ጠይቃ ጠይቃ ነው የደረሰችበት። አንድ መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ፣ “ሲኞራ፣ ነገ ይመለሱ” ሲላት፣ “ነገ ሥራ ነኝ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው” ብላው መስኮቱ ሊዘጋ እስኪል እዚያው ቆማለች። ከመዘጋቱ በፊት ወረቀቱን ተቀበላት።

በመከር ወራት አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ብርሃኑን የጋረደ ሰው ቆመ። ብራያን ነው። ትከሻውን ታሞ ክለቡ አሰናብቶት ነበር፤ በእሱ ቦታ ሌላ የአብሩዞ የልጅ ልጅ ልጅ አስመጥተዋል። እጁ ላይ ኮንትራቱን ይዟል። ናሆምን ፈልጎ ነው የመጣው። ለምን ብትሉ፣ የፈረመው ወረቀት ምን እንደሚል እንዲያነብለት። እንግዲህ አስቡት፤ ጣሊያናዊው ጣልያንኛውን የሚያስረዳው ሰው ፈልጎ ወደ ሀበሻ ሱቅ መጣ። ናሆም ጆንያው ላይ ተቀምጦ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው መስመር በመስመር አነበበለት። ብራያን ሲሰማ ቆየና፣ “ስፈርም እኮ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም” አለ።

ከዚያ ወደ አገሩ ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ፣ ትከሻው ሲሻለው ከናንተ ጋር መጫወት እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጉድ ፈላ። የጋሽ ሀብቴ ሕግ አለ። ሐሙስ ቀን ሜዳው ዳር ጉባኤ ሆነ።

“ከውጭ ሰው አናመጣም ብያለሁ” አሉ ጋሽ ሀብቴ።

“እኛ መቼ አመጣነው? ራሱ መጣ እንጂ” አለች እልፍነሽ። “እናቱ የት ናት?”

“አሜሪካ” አልኩ።

“እዚህስ ማን አለው?”

“ማንም።”

“ይህን ክረምት ልብሱን ማን ሊያጥብለት ነው?” አለች አንዲት እናት፣ ለራሷ ያለች ያህል። ነገሩ በዚህ ተወሰነ። ጋሽ ሀብቴ፣ “እንግዲያው ከመጀመሪያው ይጀምር። ከትንንሾቹ ጋር” አሉ። ሜዳችን ላይ ያላደገ አይለብስም ብለዋላ፤ ስለዚህ ማደግ አለበት። ብራያን የኛን ኮንትራት ፈርሞ፣ ከወገቡ ከማይደርሱ ልጆች መሃል ተሰልፎ መሬት ለመሬት የሚንከባለል ኳስ ማንሳት ጀመረ። ልጆቹ በጣልያንኛ ያዙታል፣ ጋሽ ሀብቴ በአማርኛ ይቆጡታል፣ እሱም ለሁሉም ‘እሺ’ ይላል። የመጀመሪያዋ የአማርኛ ቃሉ ይህች ናት፣ በቂም ናት።

የዘመኑን ምዝገባ ስሞላ ታዲያ ብዕሬ ቆመ። እዚህ ከተማ ተወልደው፣ እዚህ ተምረው፣ እርስ በርስ ሲሳደቡ እንኳ በሮማ ቋንቋ የሚሳደቡትን ልጆች ሁሉ የውጭ ዜጋ ብዬ ጻፍኩ። ጣሊያናዊ በሚለው ሥር የጻፍኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቅጹ ላይ በጣልያንኛ የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም። ሳቅን። ምን እናድርግ፣ ከመሳቅ ሌላ የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ክረምቱ ሳያልቅ የእልፍነሽ ወረቀቶች መልስ አመጡ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ናሆም ኮሙኔ ሄዶ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ቡድኑ በሙሉ ማሊያውን ለብሶ ኋላ ቆመ። የማለው በደንብ ነው፤ ባለሥልጣኗ እንደማይችል ገምታ ቃል በቃል ልታስደግመው ስትጀምር፣ እሱ ከፊቷ ቀድሞ ጨረሰው። እልፍነሽ አላለቀሰችም። ከአዳራሹ ስንወጣ ኮቷን እየቆለፈች፣ “እዚሁ ነበርን ብያቸው ነበር” አለችኝ።

ወሬው ባሕሩ ድረስ ደረሰ መሰለኝ፣ በጸደይ ሲኞር ፋብሪዚዮ ደወለልኝ። አሁን ልጁ ጣሊያናዊ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ እንደሚቀል፣ ኮንትራቱም በአዲስ መልክ እንደሚዘጋጅ ነገረኝ። ማናገር ያለበት እኔን እንዳልሆነ፣ ኮንትራታችን የሚያስረው እኔን እንጂ ልጁን እንዳልሆነ አስረድቼ ስልኩን ለናሆም ሰጠሁት።

“ባለፈው ዓመትም ክንዴ ይኸው ነበር” አለው ናሆም። ትንሽ አዳመጠ። “ከሊቼዮ አልወጣም። ክንዴን ብታመም ምን እንደሚሆን ይጻፍ። መሄድ ስፈልግ እንደምሄድም ይጻፍ። ኳሴን ይቀበል ለነበረው ጓደኛዬም እንዲሁ ይጻፍለት፣ እናንተ ዘንድ ላለው።” እንደገና አዳመጠ። “የለም፣ እኔ ወደዚያ አልመጣም። ሐሙስ ከሰዓት ሜዳችን ላይ ነን፤ እናቴም ትኖራለች።”

መጣ። ያንኑ ሸጋ ኮት ለብሶ፣ የተስተካከለውን ወረቀት ይዞ። ናሆም ይፈርም አይፈርም እኔ አላውቅም፤ ቢሄድ ካርቴሊኖውን በእጁ እሰጠዋለሁ፣ ላለማኮረፍም ፈርሜያለሁ። ሲኞር ፋብሪዚዮ ግን ልምምዱ ገና ስላላለቀ መጠበቅ ነበረበት። እናቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጡት፣ እልፍነሽ ከያዘችው ቆሎ ዘገነችለት። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች። ሜዳው ላይ ናሆም ለትንንሾቹ አወራወር ያሳያል፣ ብራያን ‘እሺ፣ እሺ’ እያለ የተበተነ ኳስ ይለቅማል።

ጋሽ ሀብቴ ሰዓታቸውን አዩ፣ ወደ አግዳሚው አዩ፣ ከዚያ ልጆቹን እንደገና ከመጀመሪያው አሰለፏቸው። ያን ቀን ልምምዱን ያን ያህል ያስረዘሙት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።